የላይኛው ክሬም

ሩሃማ ጣፋጭ በጠርሙስ መሥራት የጀመረችው ከአብዱልአዚዝ ኬክ ቤት ተኳርፋ ከወጣች በኋላ ነው። ዲላ ዋናው መንገድ ዳር ባለው ሱቁ ጓዳ ውስጥ ስድስት ዓመት ክሬም ስትመታ ኖራለች። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት «አንቺ ያለ እኔ ምን ታውቂያለሽ» ስላላት ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አላለፈችም። ባጃጅ ስትሳፈር እንኳ ሾፌሩን በታችኛው መንገድ እንዲወስዳት ትለምነው ነበር።

ቤቷ ኬክ መጋገሪያ የለም። የነበራት አንድ ፍሪጅ፣ አንድ የእጅ መምቻና ከየሰው ቤት የለቀመችው ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ታጥባለች። ከታች የተፈጨ ብስኩት በቅቤ ለውሳ ትጠቀጥቃለች። በላዩ ወተትና የእንቁላል አስኳል እሳት ላይ አማስላ ያወፈረችውን ቢጫ ክሬም ታፈሳለች። ቀጥሎ በስሱ የተከተፈ አናናስ ትደረድራለች፤ መጨረሻ ላይ ነጩን የተመታ ክሬም ከምራ ክዳኑን ትዘጋለች። ጠርሙሱ ከጎን ሲታይ እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው ይለያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ድርብርብ» ብለው ስም አወጡለት፤ በዚያው ጸና። ዓመት ሳይሞላ ልደት ያለው፣ ምርቃት ያለው፣ ቀለበት የሚያስር ሁሉ የሩሃማን በር ማንኳኳት ጀመረ።

ወተቱ የቦንቱ ነበር። ቦንቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በእንሰትና በቡና ጓሮ መሀል የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት የጉጂ ሴት ናት። ያላት አንዲት ላም ከነጥጃዋ ነው። ዝናብም ቢሆን ጭቃም ቢሆን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀሪካኗን በነጠላ ጠቅልላ ሩሃማ ደጃፍ ትደርሳለች። ሩሃማ ከሥራ በወጣች ሰሞን፣ ገና ማንም ሳያምናት፣ ቦንቱ ነበረች አምናት ወተት የሰጠቻት። «ሥራ አንቺ፤ ወተት እኔ» ነበር ያለቻት። ሩሃማም «አዴ ቦንቱ» ብላ ትጠራታለች፤ በጉጂኛ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት ጥሪ ነው።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል መምህርት አሰገደች ሩሃማ ቤት መጡ። አሰገደች የቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት መሪ ናቸው፤ ሩሃማ ሥራ ፈትታ ቤቷ በተቀመጠችበት ወር በየሳምንቱ እየመጡ አብረዋት ይጸልዩ ነበር። ልጃቸው ሳሮን ቅዳሜ ልታገባ ነው።

«ሰማንያ ጠርሙስ» አሏት። «ለቤተ ዘመዱና ለሚዜዎቹ። ደጀኔ ራሱ ነው የሩሃማን ካልሆነ ያለው። ስኳር እንዳለበት ረስቶታል መሰለኝ።»

ደጀኔ ባለቤታቸው ናቸው። ሁለቱም ሴቶች ሳቁ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሰማንያው ጠርሙስ ተሞልቶ አለቀ። ሩሃማ የፍሪጁን መደርደሪያ አውጥታ፣ ጠርሙሶቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደራርባ አስገባች። ቢጫው ክሬም ገና ሙቀቱ በደንብ አልወጣለትም ነበር። በሩን ዘግታ ገና እጇን ሳታደርቅ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

በመጀመሪያ አላሳሰባትም። ዲላ ላይ መብራት ጠፍቶ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩን ሳትከፍት የፍሪጁን ጎን በመዳፏ ዳሰሰችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈተችው፤ ጠርሙሶቹ ለብ ብለዋል። አብዱልአዚዝ ጄኔሬተር እንዳለው ታውቃለች። የኋላ ጓዳው ውስጥ ሰማንያ ቀርቶ ሁለት መቶ ጠርሙስ የሚይዝ ማቀዝቀዣ እንዳለም ታውቃለች፤ እሷው ናት ስታጸዳው የኖረችው። ስልኳን አነሳች። ቁጥሩ አልተሰረዘም ነበር። ጣቷ ስሙ ላይ ቆሞ ቆየ። «መብራቱ አሁን ይመጣል» አለች ለራሷ፤ ስልኩን መልሳ አስቀመጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግማ አነሳች፤ ደግማ አስቀመጠች።

ባሏ ሲራክ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ በቡና መድረሻ ወራት ከሳምንት በላይ እዚያው ይሰነብታል። ሲመሽ ደወለላት። «መብራት የለም፤ ስልኬ ሊዘጋ ነው» አለችው። ሌላ ነገር አልነገረችውም።

ቅዳሜ ስትነቃ ፍሪጁ እየሠራ ነበር። መብራቱ መቼ እንደመጣ አላወቀችም። አንዱን ጠርሙስ አውጥታ ከፈተች። ነጩ ክሬም ተንሸራትቶ ውሃ አውጥቷል፤ አፍንጫዋን ስታስጠጋ ኮመጠጣት። ጠረገችውና የታችኛውን ቢጫ ክሬም በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። ጣፋጭ ነው። እንደዋጠችው ግን ምላሷ ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር ቆጠቆጣት፤ በጣም ትንሽ፣ ሳይፈልጉት የማይገኝ። እሷ ክሬም ስትቀምስ ዓመታት ኖራለች፤ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። «የላይኛው ነው የተበላሸው፤ ሽታው ወደ ታች ወርዶ ነው» አለች። ለብቻዋ ብትሆንም ድምፅ አውጥታ ነው ያለችው።

ሱቅ ወርዳ የታሸገ የክሬም ዱቄት ገዛች። የሰማንያውን ጠርሙስ ነጭ ክሬም አንድ በአንድ እየጠረገች አወጣች፤ አዲሱን በቀዝቃዛ ውሃ መታችና ከመረችበት፤ ክዳኑን በነጭ ሪባን አሰረች። አራት ሰዓት ላይ ሚዜዎቹ መኪና ይዘው መጡ። አንዷ ሚዜ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና «እንዴት ያምራል» አለች።

ሰርጉ ላይ ሩሃማም ነበረች። አቶ ደጀኔ የራሳቸውን ጨርሰው የባለቤታቸውን ሲቀሙ፣ አሰገደችም እጃቸውን መታ ሲያደርጓቸው አየች። ተነስታ «ተዉት» ልትል አሰበች። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፣ መዝሙሩ መጣ፣ ቁጭ እንዳለች ቀረች። የራሷን ጠርሙስ አልከፈተችም።

እሑድ የአምልኮው አዳራሽ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር። ትውከትና ተቅማጥ የያዛቸው ሰዎች ወሬ ከቤት ቤት ሲዞር ዋለ። አርባ ምናምን ሰው ታመመ። አብዛኛው በቤቱ ተኝቶ ተነሣ፤ ዘጠኙ ሐኪም ቤት ገቡ፤ ከዘጠኙ የከፋባቸው አቶ ደጀኔ ነበሩ። በነበረባቸው ስኳር ላይ የሰውነታቸው ውሃ ተሟጦ ኩላሊታቸው ደከመ፤ ሰኞ ጠዋት ሰው መለየት አቃታቸው ተባለ። ሙሽራዋ ሳሮን የሂና ቀለሙ ገና ከእጇ ሳይለቅ አልጋቸው ሥር ወንበር ላይ አደረች።

ሰኞ ከሰዓት ተሾመ የሚባል የጤና ባለሙያ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ሩሃማ ቤት መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ጾም ላይ የነበሩት እንግዶች አንዳቸውም አልታመሙም» አላት። «ሥጋውን ሳይበሉ ድርብርቡን የበሉት ልጆች ግን ታመዋል። ስለዚህ ከዚህ ነው የምነሣው። ክሬሙ ከምንድነው?»

«ከወተት።»

«የላይኛውም?»

«አዎ።»

«የላይኛው ይፈላል?»

«አይፈላም።»

«የማን ወተት ነው?»

«የቦንቱ» አለች። እንዲያው ስም መናገር ብቻ ነበር የመሰላት።

«ፍሪጅ ውስጥ ነው የቆየው?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

ተሾመ ጻፈ። መብራት ጠፍቶ እንደነበር አልጠየቃት፤ እሱ ዓርብ ዕለት ይርጋጨፌ ለሥራ ሄዶ ነበር። እሷም አልነገረችውም። ሲወጣ በሩ ላይ ዘወር ብሎ «አይዞሽ፣ ያልፈላ ወተት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል» አላት። ያ ማጽናኛ ከስድብ በላይ ከበዳት።

በማግስቱ ቦንቱ የመጣችው እንደ ወትሮዋ አንድ ሰዓት ላይ ሳይሆን አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጀሪካኗ ሙሉ ነበር፤ ከተማውን ዞራ ማንም አልገዛትም።

«ሩሃማ፣ ወተቱ ምን ሆነ?» አለቻት ደጃፉ ላይ እንደቆመች። «ሰው ሁሉ ሰው ልትገድዪ ነበር ይለኛል። የጤና ሰውዬው መጣ፣ እስኪመረመር አትሽጪ አለኝ። ላሙ ታሟል አሉ። ላሙ አልታመመም። ልጄ ይጠጣል፣ እኔ እጠጣለሁ። አንቺ ምን አየሽ ወተቱ ላይ?»

ሩሃማ የበሩን መቃን ይዛ ነበር። «እንጃ፣ አዴ ቦንቱ።»

«አታውቂም?»

«አላውቅም።»

ቦንቱ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ጀሪካኗን ከፍታ ወተቱን ደጃፉ ፊት ለፊት ባለው ቦይ ውስጥ አፈሰሰችው። በንዴት አልነበረም፤ ሙሉ ይዛ መመለሱ ስለከበዳት ነው። ባዶውን አንጠልጥላ ሄደች። ነጩ ወተት በቦዩ ጭቃ መሀል እየተሳበ ወደ ታች ሲወርድ ሩሃማ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ምግብ አልወርድ አላት። ሐኪም ቤት ሄዳ ከአሰገደች ጋር ተቀመጠች፤ እሳቸው እጇን ይዘው «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ያመንሽው ሰው ነው የጎዳሽ» አሏት። እሷ ወደ ሕመምተኛው ክንድ የሚወርደውን ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ትቆጥር ነበር። ጎረቤቶቿ እንጀራና ወጥ ይዘውላት መጡ። እሷም የተበደለች ሆና ተቆጠረች። እንዲያ መቆጠሯ አሳፈራት፤ ግን ቀኑ በረዘመ ቁጥር አፏን መክፈት ይበልጥ ይከብዳት ጀመር። ሰኞ ብናገር ኖሮ ተሳሳተች ይሉኝ ነበር፣ ዛሬ ብናገር ውሸታም ነኝ እያለች ሐሙስ ደረሰ።

ዓርብ ሲራክ ከአሪቻ ገባ። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶታል። የታጠቡት ባዶ ጠርሙሶች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር። ጫማውን እየፈታ «የቦንቱ ወተት ነው አሉ» አለ።

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

አንዱን ጫማ አውልቆ አስቀመጠ። «ያን ዕለት ስደውልልሽ መብራት የለም አላልሽኝም?»

ሩሃማ ወደ ጠርሙሶቹ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነበር የጠፋው?»

«ከስድስት ሰዓት» አለች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። የአብዱልአዚዝን ስልክ ሁለቴ ማንሳቷን፣ ምላሷን የቆጠቆጣትን፣ የጠረገችውን፣ መልሳ የሸፈነችውን። ሲራክ አንድ ጫማውን አውልቆ ሌላውን እንደተጫማ ሰማት።

«አንቺ እንዲህ አይነት ሰው ነሽ ብዬ አላውቅም ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ አልከረረም። እሷም ቢጮህባት በወደደች።

በማግስቱ ቅዳሜ ማልዳ ብቻዋን ወደ ቦንቱ ቤት ሄደች። ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ አወረዳት፤ ከዚያ በእንሰቱ መሀል ባለው ቀጭን መንገድ በእግሯ ወረደች። ቤቱ ጋ ሳትደርስ የጥጃ ድምፅ ሰማች፤ የሚቋረጥ አይመስልም። ቦንቱ ደጅ ተቀምጣ ለጥጃው የእንሰት ቅጠል ትሸነትራለች። በረቱ ባዶ ነው።

«ላሟስ?» አለች ሩሃማ፣ ሰላምታውን ረስታ።

«ላሙ ሄደ።»

«የት?»

«ሐሙስ ነጋዴ ወሰደው። ለሥጋ። ታማለች እየተባለ ወሬው ሲበዛ ማንም አይገዛም፣ ቶሎ ሽጪ አሉኝ። ሸጥኩ።» ቢላዋዋን አላቆመችም። «አንቺ ለምን መጣሽ?»

ሩሃማ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። የምትናገረውን መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው መጥታ ነበር፤ አሁን ግን ተበታተነባት። «ወተትሽ ደህና ነበር» አለች። «እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ተበላሽቶብኝ ነበር፤ አውቄ ሰጠኋቸው። የላይኛውም ክሬም ያንቺ አልነበረም፤ ከሱቅ ነው።»

ቦንቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። ጥጃው ጮኸ።

«ማክሰኞ ጠየቅኩሽ» አለች።

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ማክሰኞ ላሙ እዚህ ነበር።»

ሩሃማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቦንቱ እንድታለቅስም ዝም እንድትልም አልነገረቻትም። ቆየት ብላ ተነሣችና ቅጠሉን ለጥጃው ወረወረችለት። «ለእኔ ብቻ አትንገሪ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠቻት። «እኔ ወተቴን አውቀዋለሁ። ለማያውቀው ንገሪ።»

ሩሃማ ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ሐኪም ቤት ነው። አቶ ደጀኔ ዓይናቸውን ገልጠው ሰው መለየት ጀምረዋል፤ ግን ገና ተቀምጠው መብላት አይችሉም። አሰገደችን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸውና ቆማ ነገረቻቸው። እሳቸው መምህር ናቸው፤ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ጠርገሽ፣ ሌላ አደረግሽበት» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሰማንያ ጊዜ።»

ሩሃማ አንገቷን ደፋች።

«አንዱን ስትሠሪ መሳሳት ይቻላል። ሰማንያ ጊዜ እጅሽን ስታነሺና ስትጥዪ ግን እኔን አስበሽኝ ነበር? ደጀኔን?» ዘወር ብለው የክፍሉን በር አዩ። «እኔ ያችን ምስኪን ሴት ስረግም ነው የከረምኩት። በጸሎት መሀል። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ እየሰማሽኝ።»

ወደ ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉ። ሩሃማ ከዚያ ተሾመ ቢሮ ሄዳ ቃሏን እንደገና ሰጠች። እሱ ደብተሩን ገልጦ የሰኞውን ገጽ በአንድ መስመር ሰረዘው፤ በማጽናናት ፈንታ «ይህን ሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ ሐኪሞቹም በሌላ መንገድ ያዩት ነበር» ብቻ አላት። እስኪፈቀድላት ድረስ ምንም ዓይነት ምግብ ለሽያጭ እንዳትሠራ የሚል ደብዳቤ ሰጣት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሴቶቹ ኅብረት ሲሰበሰብ ማንም ሳያዛት ተነሥታ ቆመች። በአጭሩ ተናገረች። «የቦንቱ ወተት ንጹሕ ነበር» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ እንዲሰማ። ከኋላ ወንበር ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወጡ፤ ሌላዋ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ሩሃማ ፈቀቅ አለች። በዚያው ሳምንት ከተማው ሁሉ ሰማ። የቦንቱ ደንበኞች ወተት ፍለጋ መንደሯ ድረስ ሄዱ፤ የምትሰጣቸው ግን አልነበራትም።

ጥር ሲገባ ሩሃማ ፍሪጇን ልትሸጥ ወሰነች። ሊገዛው የመጣው የመጀመሪያው ሰው አብዱልአዚዝ ሆነ። ራሱ መጣ፤ ሸምግሏል፣ ጢሙ ነጥቷል። ፍሪጁን ከፍቶ ዘጋ፤ ሽቦውን አየ፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«መብራቱ ሲጠፋ ያልደወልሽልኝ እምቢ ይለኛል ብለሽ ነው?» አላት።

«አይደለም ጋሼ» አለች። «እሺ እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።»

ሽማግሌው የፍሪጁን ሽቦ ሳበና መጠቅለል ጀመረ። «እኔም ያን ቀን በሰው ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም» አለ። ስለ ዋጋው አልተከራከራትም። ሱቁ ተመልሳ ትሥራ አትሥራም አላነሣም፤ እሷም አልጠየቀችው።

ገበያ ቀን የፍሪጁን ብር ይዘው ከሲራክ ጋር ሄደው ላም መረጡ። ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ በቅርቡ የወለደች ነበረች። ሲራክ ገመዱን ይዞ ከፊት፣ ሩሃማ ቀንበጥ ይዛ ከኋላ፣ ጥጃዋን መሀል አድርገው አስፋልቱን ዳር ዳሩን ይዘው ወረዱ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ላሟ እየደነበረች ሩሃማን ሁለቴ ቦይ ውስጥ ጣለቻት። የሚያውቋት ሰዎች ከየበረንዳው ያዩ ነበር።

ቦንቱ ከቤት ወጥታ አየቻቸው። ምንም ሳትል ቀረበች፤ የላሟን ከንፈር ገልጣ ጥርሷን አየች፣ ጡቷን ዳበሰች፣ ጀርባዋን በመዳፏ ተጫነች።

«ስንት ወለደ አሉሽ?»

«ሁለተኛዋ ነው አሉን።»

«አራተኛው ነው» አለች ቦንቱ። «አታለሉሽ።»

ሲራክ ሊናገር ከጀለ፤ ሩሃማ በዓይኗ አስቆመችው። «ካልሆነችሽ እንመልሳታለን፣ አዴ ቦንቱ።»

ቦንቱ ገመዱን ከሲራክ እጅ ወሰደች። «እንደ እኔ ላም አይደለም» አለች። «ያ ከልጅነቱ እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ ስጠራው ይመጣል።» ላሟን ወደ በረቱ እየመራች ሄደችና ምሰሶው ላይ አሰረቻት። የቦንቱ ጥጃ ቀርቦ አሸተታት፤ ላሟ በቀንዷ ገፋችው፣ እሱም ራቅ ብሎ ቆመ።

«ግቡ» አላለቻቸውም። ውሃ ግን በጣሳ አመጣች፤ መጀመሪያ ለላሟ፣ ቀጥሎ ለሲራክ፣ ከዚያ ለሩሃማ። ሩሃማ ጠጥታ ጣሳውን መለሰች።

«አዴ ቦንቱ፣ እኔ...»

«በቃ» አለች ቦንቱ። «የምትይውን ብለሻል። አሁን ሂዱ፣ እሱ ሰው ሲበዛ አይታለብም።»

ባልና ሚስቱ በእንሰቱ መሀል ወደ አስፋልቱ ወጡ። ሲራክ ነገ ወደ አሪቻ ይመለሳል። ዳገቱ ላይ ስትንሸራተት ክንዷን ይዞ አቆማት፣ እስከ ላይም አልለቀቃት።